የካርቶን ሳምቡክ፦ ለጀማሪ የሚሆን አሠራርና ወጪው

ሀርጌሳ ባሕር የላትም። ከባሕር ወለል ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በመሀሏ የሚያልፈው የማሮዲ ጄህ ወንዝም ዝናብ ካልጣለ በስተቀር አሸዋ ብቻ ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረዱ ግን በርበራ ይደርሳሉ። በርበራ ደግሞ የሸራ ጀልባን ከጥንት ጀምራ የምታውቅ ወደብ ናት። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክ ነጋዴ ባዘጋጀው የባሕር ጉዞ መመሪያ ውስጥ «ማላኦ» የተባለችው ወደብ እሷ እንደሆነች የታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ከልጆችዎ ጋር የካርቶን መርከብ ለመሥራት ካሰቡ አርአያ የምትሆናት ጀልባ ቅርብዎ ናት።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛዋን ልሥራ?» የሚል ነው። የጀማሪ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ሦስት ምሰሶና በደርዘን የሚቆጠር ሸራ ባላት የአውሮፓ መርከብ ላይ ነው። እሷን ለጊዜው ይተዋት። የመርከቧ አካል አይደለም የሚያስቸግረው፤ ገመዱ ነው። እንዲህ ያለችውን መርከብ ጀምረው የሚተዉ ሰዎች አብዛኞቹ እጅ የሚሰጡት ገመድ ሲዘረጉ ነው። በእሷ ፋንታ ሳምቡክ ይሥሩ። ሳምቡክ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስትመላለስ የኖረች የእንጨት የንግድ ጀልባ ናት። ባለ አንድ ምሰሶዋን ከመረጡ ያለዎት አንድ ትልቅ ሸራና ጥቂት ገመድ ብቻ ነው። ኋላዋም በጠፍጣፋ ጣውላ የሚዘጋ ስለሆነ ለእጅ ይቀላል።

ምን ያህል ትሁን? 20 ሜትር የምትረዝም ሳምቡክ በ1 ለ50 ስትቀነስ 40 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ይህ ቅነሳ ስኬል ይባላል፤ በእውነተኛዋ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሁሉ በእርስዎ ጀልባ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ በዚህ ስሌት 3.4 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ስፋቷን 10 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቷን መሀል ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድርጉት። ከዚህ ያነሰች ጀልባ ለጣት አትመችም።

ሁለት ዓይነት ካርቶን ያስፈልግዎታል። አንደኛው ፓስታ ወይም ዘይት ታሽጎ የሚመጣበት ወፍራሙ ነው። ጠርዙን ቢያዩት በሁለት ወረቀቶች መሀል የተጣጠፈ ሌላ ወረቀት አለ። ጥንካሬው ያለው በዚያ እጥፋት ውስጥ ነው። ካርቶኑ ወደ እጥፋቱ አቅጣጫ ርዝመቱን ይዞ ይቆማል፤ በሌላው በኩል ግን በቀላሉ ይታጠፋል። ከመቁረጥዎ በፊት በእጅዎ ይሞክሩት። ሁለተኛው ብስኩት ወይም ሻይ ቅጠል የሚሸጥበት ስሱ ካርቶን ነው። ይህ ለጀልባዋ ልባስ ይሆናል።

ሥራው የሚጀምረው ከአከርካሪው ነው። አከርካሪ ማለት ከፊት እስከ ኋላ በጀልባዋ ሆድ ሥር የሚያልፈው ቋሚ ሰሌዳ ነው። በወረቀት ላይ የጀልባዋን የጎን መልክ ይሳሉ፤ ፊቷ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይውጣ፣ ሥሯ ቀጥ ይበል፣ ኋላዋ ቆም ይበል። ሥዕሉን ወደ ወፍራሙ ካርቶን ያስተላልፉና ሁለት ጊዜ ይቁረጡ። በአንደኛው እጥፋቱ በርዝመት፣ በሌላው በቁመት ይሁን። ሁለቱን በነጭ የእንጨት ኮላ አጣብቀው መጽሐፍ ይጫኑበት። ሌሊቱን ይደር። ሳይደርቅ ያነሱት አከርካሪ ይጣመማል፤ የተጣመመ አከርካሪ ደግሞ በኋላ አይቃናም።

ቀጥሎ ጎድኖቹ ይመጣሉ። አከርካሪው ላይ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያድርጉ፤ ለ9 ጎድን ቦታ ያገኛሉ። የኋላውን ጫፍ ጠፍጣፋው መዝጊያ ይይዘዋል። የእያንዳንዱን ጎድን ቅርጽ ሲያወጡ ወረቀቱን ለሁለት ይጠፉ፣ ግማሹን ብቻ ይሳሉ፣ ይቁረጡ፣ ይዘርጉት። እንዲህ ካደረጉ ግራና ቀኙ እኩል ይሆናል። በእጅ ሙሉውን ከሳሉ አንዱ ጎን መፋፋቱ አይቀርም።

ጎድኑና አከርካሪው የሚገናኙት በስንጥቅ ነው። ከአከርካሪው የላይኛውን ግማሽ፣ ከጎድኑ የታችኛውን ግማሽ ይሰንጥቁና አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገቡት። የስንጥቁ ስፋት ከካርቶኑ ውፍረት ጋር እኩል ይሁን። ከላላ ጎድኑ ይንገዳገዳል፣ ከጠበቀ ካርቶኑ ይጨፈለቃል። ኮላውን ከማፍሰስዎ በፊት ሁሉንም በደረቁ ሰክተው በዓይንዎ ከፊት ለፊት ይመልከቱ።

አሁን ወደ ልባሱ እንምጣ። ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ ውበቷም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ስሱን ካርቶን በቀጫጭኑ ቆርጠው እንደ ጣውላ ከፊት እስከ ኋላ በጎድኖቹ ላይ ይለጥፋሉ። አንድ ነገር ግን ያስቸግራል። የጀልባዋ ሆድ መሀል ላይ ሰፊ፣ ጫፍ ላይ ጠባብ ነው። ወጥ ስፋት ያለው ቁራጭ ከለጠፉ ፊት ላይ ሲደርስ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ይለኩ። በቀጭን ወረቀት ከወለሉ መስመር እስከ አከርካሪው ያለውን ርቀት በጎድኑ ላይ ተከትለው ይውሰዱ። መሀል ላይ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ፊት አካባቢ 6 ሳንቲ ሜትር አገኙ እንበል። በአንድ ጎን 12 ቁራጭ የሚለጥፉ ከሆነ እያንዳንዱ መሀሉ 7.5 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህን ስሌት የዘለለ ሰው አምስተኛው ቁራጭ ላይ መበሳጨት ይጀምራል።

ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይለጥፉ። አንዱን በግራ ካደረጉ ቀጣዩን በቀኝ ያድርጉት። ኮላ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ አንዱን ጎን ብቻ ከጨረሱ ጀልባዋ ወደዚያው ትጎብጣለች። ቁራጩን ከመለጠፍዎ በፊት በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሳብ ሳብ አድርገው ያለዝቡት። እስኪይዝም በልብስ መቆንጠጫ ያጥብቁት።

በነገራችን ላይ የባሕሩ አናጢዎች ከዚህ በተቃራኒ ነው የሚሠሩት። በጥንታዊው ልማድ መጀመሪያ የሚገጣጠመው የውጭው ጣውላ ነው፤ ጎድኑ ከዚያ በኋላ ይገባል። ያውም ያለ ንድፍ፣ በዓይን ልክ። ጣውላውንም በሚስማር ሳይሆን ከኮኮናት ፍሬ ቃጫ በተገመደ ገመድ ይሰፉት ነበር። እንዲህ ያለው ጀልባ ይበረክታል ወይ ብሎ ለሚጠራጠር፣ ቲም ሰቨሪን የተባለው አየርላንድ ይኖር የነበረ ተጓዥ ኦማን ውስጥ በስፌት ብቻ ያሠራትን «ሶሐር» የተባለች መርከብ ይዞ በ1980 ተነሥቶ በ1981 ቻይና ገብቷል። ለእኛ ግን ካርቶን በራሱ ቆሞ ቅርጽ ስለማይዝ ጎድኑን ማስቀደም ግድ ነው።

ልባሱ ሲያልቅ ኮላን በእኩል ውኃ አቅጥነው በብሩሽ ይቀቡት፤ ሲደርቅ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ሳይቀቡ ከፈተጉት ካርቶኑ ጸጉር ያወጣል።

ወለሉን ከመዝጋትዎ በፊት ሁለት ነገር ማድረግ አለብዎ። አንደኛው ምሰሶው የሚተከልበትን ቀዳዳ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው ክብደት ነው። በውኃ ላይ ሊሞክሯት ካሰቡ ጠጠር ወይም አሮጌ ብሎን በአከርካሪው ግራና ቀኝ እኩል አድርገው በኮላ ያጣብቁ። ሸራ የተሸከመች ጀልባ ሆዷ ባዶ ከሆነ ትገለበጣለች። ከዚያ ወለሉን በስሱ ካርቶን ይክደኑ፤ በእርሳስ በየ5 ሚሊ ሜትሩ መስመር ቢያሰምሩበት ጣውላ ይመስላል።

ምሰሶው ሥጋ የሚጠበስበት ቀጭን እንጨት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብሉት፤ የእውነተኛዋም እንዲሁ ነው። ሸራው የሚንጠለጠልበት አግዳሚ ከጀልባዋ ርዝመት ብዙም አያንስም፤ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ሁለት እንጨት መሀል ላይ ደርበው በክር ይጠምጥሙት። መርከበኞቹም ያን ያህል ረጅም እንጨት ስለማያገኙ እየቀጠሉ ነው የሚያስሩት።

ለሸራው አቡጀዲ ይጠቀሙ። ከልብስ ሰፊ ቁራጭ ቢጠይቁ አይከለከሉም። ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የፊቱ ጫፍ ትንሽ ተቆርጦ አራተኛ አጭር ጎን አለው። ይህችን ቁራጭ የረሳ ሰው ሸራው የሌላ አገር ጀልባ ይመስልበታል። ጨርቁን ቀለል ያለ ሻይ ውስጥ ነክረው ቢያወጡት የባሕር ፀሐይ የመታው ይመስላል። ነፋስ የሞላበት እንዲመስል ደግሞ በቀጭን ኮላ አርሰው በተደፋ ሳህን ላይ ያድርቁት።

ገመድ ስንት ነው? አግዳሚውን ወደ ላይ የሚስበው አንድ፣ ምሰሶውን በየጎኑ የሚይዙት ሁለት ሁለት፣ የሸራውን የታችኛ ጫፍ ወደ ኋላ የሚይዘው አንድ። በቃ፣ ስድስት ክር ነው።

«ትንሳፈፋለች ወይ?» ብለው ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም። ለአጭር ጊዜ አዎ። ሆዷን ሁለት ሦስት ጊዜ በዘይት ቀለም ወይም በቫርኒሽ ቀብተው በደንብ ካደረቁት ሳፋ ውኃ ላይ ትቆማለች። ወዲያው አውጥተው ያድርቋት እንጂ አያሳድሯት። ካርቶን ወረቀት ነው፤ አንድ ቀዳዳ ካገኘ ውኃውን ይጠጣል። በእኔ አስተያየት ቦታዋ መደርደሪያ ነው።

ስለ ወጪው፣ ካርቶኑን ባለ ሱቆች ጠዋት ዕቃ ሲያራግፉ ቢጠይቁ በነጻ ወይም በጥቂት ሽልንግ ይሰጡዎታል። የሚገዙት ኮላ፣ ካተር (ምላጩ እየተገፋ የሚወጣ ቢላዋ)፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ክርና ትንሽ ቀለም ነው። ለሁሉም ከ5 እስከ 8 ዶላር ቢመድቡ አያሳፍርዎትም፤ በዛድ ከስልክዎ ይከፍላሉ። ከዚህ ውስጥ ካተሩና ኮላው ለሁለተኛዋ ጀልባም ይተርፋሉ። በካተሩ ላይ ግን ገንዘብ አይቆጥቡ። የዶለዶመ ምላጭ ካርቶን አይቆርጥም፣ ይቀዳል፤ ኃይል ስለሚጠይቅም ጣት የሚያቆስለው እሱ ነው። መቁረጡ የእርስዎ፣ መለጠፉ የልጆቹ ሥራ ይሁን።

ጊዜውስ? ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ከሠሩ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። አብዛኛው የመድረቂያ ጊዜ ነው። የሀርጌሳ ደረቅ አየር በዚህ ይረዳል፤ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት ኮላ ቶሎ ይይዛል። አቧራው ግን ያልደረቀ ቀለም ላይ ስለሚያርፍ ስትደርቅ ጨርቅ ያልብሷት።

እውነተኛዋን ማየት ከፈለጉ ወደ በርበራ ይውረዱ፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዛሬ የእንጨት ጀልባዎቹ የሚሄዱት በሞተር ስለሆነ ሸራ አይጠብቁ፤ የአካላቸውን ቅርጽ ግን ልብ ብለው ያያሉ። ወደቡ ውስጥ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ። የሚሄዱበትን ወርም ይምረጡ። በሸራው ዘመን የበርበራ ገበያ የሚደራው ነፋሱ ከዓረብ አገር ጀልባዎችን በሚያመጣበት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነበር፤ በ1855 እዚያ የነበረው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተንም ይህንኑ ገበያ ጽፎታል። ለጎብኚም የሚመቸው ያው ወቅት ነው። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ወደ ሼክ ደጋ ይወጣሉ።