ሃይብሪድ የሚያዋጣው የትኛውን መኪና ነው?

የከተማ አስተዳደር መኪኖቹን ወደ ሃይብሪድ (በነዳጅና በኤሌክትሪክ ሞተር ወደሚሄድ) ለመቀየር ሲያስብ ክርክሩ ቶሎ ወደ መግዣ ዋጋ ይሄዳል። እኔ ግን መኪናው ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል መታወቅ ያለበት ከዋጋው በፊት ነው እላለሁ። ሃይብሪድ ነዳጅ የሚቆጥበው ቆም ብሎ በተነሳ ቁጥር ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ በተራ መኪና የፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ከሚባክነው ጉልበት ከፊሉን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፤ ትራፊክ መብራት ሲይዘው ደግሞ የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል። ሳይቆም በእኩል ፍጥነት አውራ ጎዳና ለሚይዝ መኪና ይህ ብልሃት ብዙም አይፈይድለትም።

የኒው ዮርክ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ13 ሺህ በላይ የሆኑት ቢጫ ታክሲዎች እስከ 2012 ሃይብሪድ እንዲሆኑ አቅደው ነበር። በወቅቱ ታክሲዎቹ በአንድ ጋሎን 14 ማይል ያህል ይሄዱ ነበር፤ ግቡ 30 ነበር። በእኛ መለኪያ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ሊትር ገደማ የሚጠጣው ወደ 8 ይወርዳል ማለት ነው። በቀን 200 ኪሎ ሜትር የሚሽከረከር ታክሲ 18 ሊትር ያህል ይቆጥባል፤ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ የቢሮ መኪና ቁጠባ ግን ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም። ዕቅዱን በመቃወም የታክሲ ባለንብረቶች ከተማዋን ከሰሱ፤ የነዳጅ ፍጆታ ደረጃ ማውጣት የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው በሚል ፍርድ ቤት በ2008 አገደው። ብዙዎቹ ሹፌሮች ታክሲውን በፈረቃ ተከራይተው ቤንዚኑን ከኪሳቸው ስለሚሞሉ፣ ተጨማሪውን ዋጋ የሚከፍለው ባለንብረቱ፣ ቁጠባውን የሚያገኘው ሹፌሩ ነበር። ማዘጋጃ ቤት በራሱ መኪኖች ላይ ይህ ችግር የለበትም፤ መኪናውን የሚገዛውም ነዳጁን የሚከፍለውም እሱው ነው።

የዚያው ከተማ አውቶቡሶች ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። የትራንስፖርት ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የኤሌክትሪክ ሞተራቸው እየተቃጠለ ያስቸገሩትን አንዳንድ ሃይብሪድ አውቶቡሶች ወደ ተራ ናፍጣ ለመመለስ ወስኗል፤ ቴክኖሎጂው በተጨናነቀው ማንሃተን ካልሆነ ፈጠን ብለው በሚሄዱት የዳር መስመሮች እምብዛም አላዋጣም ነበር።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል የሚለው ስጋት ግን ከልክ ያለፈ ነው። የአሜሪካው የሸማቾች መጽሔት ኮንሱመር ሪፖርትስ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ200 ሺህ ማይል በላይ የተነዳ የ2002 ፕሪየስ (የቶዮታ ሃይብሪድ) ሲፈትሽ፣ የነዳጅ ፍጆታው አዲስ ሳለ ከተፈተሸ ተመሳሳይ ፕሪየስ ብዙም አልራቀም። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ፣ ለምን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ አንሄድም የሚለው ነው። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከውሃ በሚመነጭባትና በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 በከለከለችው ኢትዮጵያ ጥያቄው ተገቢ ነው። ማታ ማታ ግቢ ገብቶ ለሚያድር መኪና ኤሌክትሪኩ ይሻላል። ሃይብሪዱን የምመርጠው በሁለት ፈረቃ ቀንና ሌሊት ከተማ ውስጥ እየዋለ፣ ቻርጅ ላይ የሚቆምበት ሰዓት ለሌለው መኪና ነው።