ጧሪም ቀባሪም፤ አረጋውያንን በቤታቸው ስለ መደገፍ

በቋንቋችን «ጧሪ ቀባሪ» የሚባል ጥንድ ቃል አለ። ሁለቱ ግዳጆች ሳይነጣጠሉ የሚነገሩት፣ ሰው ሲደክም የሚረዳውም ሲሞት የሚቀብረውም ያው ልጅ ወይም ያው ዘመድ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። በከተማ ግን ልጆች ለሥራ ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ሌላ አገርም ይሄዳሉ፤ ወላጅ በአሮጌው ቤት ብቻውን ይቀራል። የመቅበሩን ግዳጅ እድር ተረክቦታል፤ የመጦሩን ግን በሙሉ የተረከበ የለም። በኮልፌ 18 ማዞሪያና በአካባቢው ስለሚኖሩ አረጋውያን ጤንነት ስናስብ ትልቁን ክፍተት የምናገኘው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ስንል መንግሥት ዝም ብሏል ማለታችን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ፣ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መብት ሰጥቷል። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉ ችግረኞች ቀጥታ የገንዘብ ድጋፍ አስገኝቷል። ሆኖም ገንዘብ በሌሊት የወደቀን ሰው አያነሣም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ብትሆን መቶዎች ቤቶች ስለሚጠብቋት በየማለዳው ልትደርስ አትችልም።

አረጋዊን ከቤቱ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ስሙ የሚያስፈራ በሽታ ሳይሆን አንድ መውደቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየዓመቱ በዓለም 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ለሞት የሚያደርስ መውደቅም ይበልጥ የሚበዛው ከ60 ዓመት ዕድሜ ባለፉት ላይ ነው። በብዙ ግቢዎች መጸዳጃው ከመኖሪያው ራቅ ብሎ ይገኛል፤ አረጋዊው በክረምት ሌሊት ጭቃ ረግጦ፣ ጨለማ ዳብሶ ይሄዳል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ከአልጋው ድንገት ሲነሣ ደሙ ወደ ራሱ ቶሎ ስለማይደርስ ዐይኑ ይጨልምበታል፤ ይወድቃል፤ የዳሌው አጥንት ይሰበራል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት በአልጋው ጫፍ ጥቂት ተቀምጦ መቆየት ያስፈልጋል። ከበሩ እስከ መጸዳጃው የሚያዝ የባሕር ዛፍ አግዳሚ መትከል፣ ጭቃውን በጠጠር ማልበስ፣ ለሌሊትም ክዳን ያለው ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ማኖር ይገባል (ጠዋት የሚደፋው ወደ መጸዳጃው እንጂ ወደ ቦዩ አይደለም)። ይህ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ከሰልም የታወቀ ጠላት ነው። በርና መስኮት በተዘጋበት ቤት የሚያድር ከሰል፣ ፍም ሆኖ ጢሱ ቢጠፋ እንኳ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከመኝታ በፊት ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ።

አንድ የምንቃወመው ልማድም አለ፤ እርሱም ለአክብሮት ሲባል አረጋዊውን ከሥራ ሁሉ ማስቀመጥ ነው። «እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ማለት በጎ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን ያልሠራ እግር በጥቂት ሳምንት ይደክማል። ቡናቸውን ራሳቸው ያፍሉ፤ ደጃቸውንም ይጥረጉ። ጀሪካኑን ግን ጎረምሳ ይሸከም።

እድር ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። ጸሐፊው መዝገብ ይዟል፤ ማን ብቻውን እንደሚኖር ያውቃል፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑም ድስቱም ወዲያው ይቀርባል። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ሌላ የከተማ ድርጅት አላየንም። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ በ1990ዎቹ ዓመታት ኤድስ ሲጸናና ከቀብር ብዛት የተነሣ የእድር ገንዘብ ሲመናመን፣ በአዲስ አበባ አያሌ እድሮች ሕሙማንን በየቤታቸው መርዳትና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው ነበር። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ ቢከን ሂል በተባለው ሰፈር የሚኖሩ ሰዎችም እርጅና ከቤታቸው እንዳያስወጣቸው ተማክረው በመዋጮ የሚተዳደር ማኅበር አቋቁመዋል፤ በ1994 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ይህ ማኅበር አባላቱን ወደ ሐኪም ከሚያደርስና ቤታቸውን ከሚጠግን ሰው ጋር ያገናኛል። እኛ ማኅበሩን እንደ አዲስ መፍጠር አያሻንም፤ የጎደለው ጥሩንባው ከመነፋቱ በፊት ሥራ መጀመሩ ብቻ ነው። ቤትም ዘመድም ለሌላቸው በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያ መጠጊያ ሆኗል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ቤት ያላቸውን ግን ከቤታቸው፣ ከጎረቤታቸውና ከደጀ ሰላማቸው ወይም ከመስጊዳቸው መንቀል የመጨረሻው መንገድ ሊሆን ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጸሐፊው ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን በፈቃዳቸው ለይቶ ይመዝግብ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የሚታከሙበትን ጤና ጣቢያ፣ ትርፍ ቁልፍ የያዘውን ጎረቤት፣ የዘመድንም ስልክ ይጻፍ። መዝገቡ ለወሬ አይገለጥ። በየማለዳው አንድ ጎረቤት ከደጅ ቆሞ «ቤቶች! እንዴት አደሩ?» ይበል፤ መልስ ካልሰማ ቁልፉን ያስመጣ። በሳምንት አንድ ቀንም ሁለት አባላት ገብተው ይጠይቁ፤ ሁለት ማለታችን ዕቃ ቢጠፋ ሐሜት እንዳይነሣ ነው። የገቡትም መድኃኒቱ እንዳላለቀ፣ የትናንቱ እንጀራ ሳይነካ እንዳላደረ ይመልከቱ። በአረጋዊ ላይ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ ንግግራቸው ከተዘባረቀ «እርጅና ነው» ብሎ መተው ነፍስ ያስጠፋልና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። ዐይናቸው የደከመውም በሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ሊገለጥ ስለሚችል ተስፋ አይቁረጡ።

መምህራንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። ከፍ ባለው ክፍል የሚማሩ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው፣ ወላጆቻቸውና አረጋውያኑ ከፈቀዱ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ አንድ ቤት ጎራ ቢሉ ውሃ ይቀዳሉ፤ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈውንም አንብበው ያስረዳሉ። የመጀመሪያው ሥራቸው የጎረቤትንና የጤና ጣቢያን የስልክ ቁጥር በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ በትልልቅ አኃዝ ጽፈው፣ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሊታይ በሚችልበት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይሁን።