ጥር 28 ወይስ ጥር 29?

አንባቢ ሆይ፥ ቀጠሮ አክብረህ፥ ስንቅ ቋጥረህ፥ ረጅም መንገድ ተጉዘህ ከደረስህ በኋላ በዓሉ አልቆ አግኝተኸው ታውቃለህን? እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ዓመተ ምሕረት ሲሳሳቱ ያለ ርኅራኄ ነጥብ እቀንሳለሁ። በ2016 ዓ.ም. ግን እኔው ራሴ በአንዲት ቀን ስሕተት አራት ወዳጆቼን ላጣ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን አምስት ሆነን በአንድ ክፍል እናድር ነበር። ከመካከላችን አንዱ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ነበረችውና ማታ ማታ ጥናት ሲሰለቸን የቦብ ማርሊን ዘፈን ያሰማናል። ጠባችንም ዕርቃችንም የፈተና ጭንቀታችንም በዚያ ዜማ ውስጥ አለፈ። በ2014 ዓ.ም. ልንመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩን የልደቱን በዓል ለማየት አምስታችንም ሻሸመኔ ወረድን። እዚያም ቆመን፥ «የትም ብንመደብ፥ በየዓመቱ በልደቱ ቀን እዚህ እንገናኝ» ተባባልን።

የጃማይካው ዘፋኝና ሻሸመኔ ምን አገናኛቸው ትል ይሆናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ለተቆረቆሩ በባሕር ማዶ ላሉ ጥቁር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1948 ሻሸመኔ አጠገብ 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጥተው ነበር። ከጃማይካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሰፈሩበት፤ ስሙም ጃማይካ ሰፈር ተባለ። ቦብ ማርሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 መጥቶ ጎብኝቶታል። «ዋር» የተባለው ዘፈኑም አብዛኛው ቃሉ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ቢሞትም ወዳጆቹ አልተበተኑም። 60ኛው ልደቱ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ሲከበር ባለቤቱ ሪታ ማርሊ ተገኝታ ነበር። በሻሸመኔም ዘፈኑን የሚወዱ ሰዎች በዚህ ቀን ለብዙ ዓመታት ሲሰበሰቡ ኖረዋል።

ወደ እኛ ነገር እንመለስ። ከተመረቅን በኋላ እኔ ደብረ ብርሃን ደረሰኝ። አንዱ ጎባ በጤና መኮንንነት፥ አንዱ ጂንካ በግብርና፥ አንዱ ሐዋሳ በባንክ፥ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። በ2015 ዓ.ም. ቀጠሮው ሲደርስ የተገኘነው ሦስት ብቻ ነበርን። በዚህ ያዘነው ጤና መኮንን ለሁላችንም እንዲህ ሲል ጻፈልን፦ «በሚመጣው ዓመት አምስታችንም ካልተገኘን ቀጠሮው ይሰረዝ። እየተጠባበቁ ከመቀያየም በፍቅር መተው ይሻላል።»

እኔም ይህን ቃል በልቤ ይዤ፥ እናቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልዬ፥ ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። በዓሉ ነገ ነው፥ ዛሬ ማታ ደርሼ አርፋለሁ ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ላይ መኪና ለውጬ፥ ሞጆን አልፌ፥ መቂን እንደተሻገርን ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ሲወርድ እርሱም ተንፍሷል! ረዳቱ ጎማውን በሞተር ብስክሌት አስጭኖ ሊያስለጥፍ ሄደ፤ እኛም ከግራር ጥላ ሥር ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። በዚህ መካከል የስልኬ ባትሪ አለቀ። «ግድ የለም፥ በዓሉ ነገ ነው» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ።

ሻሸመኔ ስደርስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። የባጃጁ ነጂ ዳቦዬንና ሻንጣዬን አይቶ፥ «ለቦብ ማርሊ ነው? እሱማ ዛሬ ተከብሮ አለቀ» አለኝ። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ወትሮ ወደምናርፍበት አልጋ ቤት ሮጥሁ። በሩን የከፈተልኝ ጤና መኮንኑ ነበር፤ ከኋላው የመዝገብ ቤቱ ወዳጃችን አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሻንጣቸው ታስሯል።

«መጣህ? ካለቀ በኋላ?» አለኝ፤ እጁንም አልዘረጋልኝም። «ቀኑን ሙሉ ስንደውል ስልክህ ዝግ ነው። እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ‹ነገ እንደርሳለን› እያሉ ያሾፉብናል። እኛ በማለዳ መኪና እንሄዳለን።»

ምን ብዬ ልመልስ? ዓይኔን ከዓይኑ ሳሸሽ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ። ከ28ቱ ግርጌ በትንሹ የተጻፈው የፈረንጆቹ ቁጥር 6 ነበር። ታሪክ አስተማሪው ያን ጊዜ ነቃሁ!

አንባቢ ሆይ፥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፥ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን ታውቃለህ። ፈረንጆቹ ግን ተጨማሪዋን ቀን የሚያስገቡት ከወራት በኋላ፥ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። ስለዚህ በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም ጀምሮ እስከዚያ ድረስ የእኛ ቀን በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ፌብሩዋሪ 6 በሌላው ዓመት ጥር 29 ሲሆን፥ በ2016 ዓ.ም. ጥር 28 ሆነ። ሁለቱ ወዳጆቼ በፈረንጅ፥ እኛ ሦስታችን በሐበሻ ቆጥረን ነበር። ሁላችንም ቀጠሮ አክባሪዎች፥ ሁላችንም ቀሪዎች!

ይህን በጣቴ እያመለከትሁ ሳስረዳ ጤና መኮንኑ መጀመሪያ ተቆጣ፥ ቀጥሎ ዝም አለ፥ በመጨረሻም አልጋው ላይ ወድቆ ሳቀ። ሻንጣውም ተፈታ።

በማግሥቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የጂንካውና የሐዋሳው ከመኪና ወረዱ። ነገሩን ስንነግራቸው አላመኑንም። አምስታችንም ጃማይካ ሰፈር ስንደርስ በዓሉ የተከበረበት ግቢ ይጠረግ ነበር። ጢማቸው የሸበተ አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ታሪካችንን ሰምተው፥ በተሰባበረ አማርኛ፥ «በአገራችሁ ቁጥር የተወለደው ጥር 29 ነዋ! እንግዲያስ ልደቱ ዛሬ ነው፥ ግቡ» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ቦብ ማርሊ የተወለደው ጥር 29 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ወንበር አወጡልን፥ ሙዚቃም ከፈቱልን። ሕዝብ የለ፥ ከበሮ የለ፤ የደረቀውን ድፎ ቆርሰን ከእርሳቸው ጋር በላን። ስለ ቀጠሮው መሰረዝ ማንም አላነሣም።

አንተም ትምህርት ስትጨርስ ወይም ወደ ሩቅ አገር ስትዛወር ከጓደኞችህ ጋር «እንገናኛለን» ተባብለህ ትለያይ ይሆናል። ቀን ያልተቆረጠለት «እንገናኛለን» ግን ባዶ ቃል ነው። በዓመት አንዲት ቀን ቁረጡ፤ የሚወደድ ነገር ምክንያት ይሁናችሁ፤ ጎማ ቢፈነዳም፥ በዓሉ ቢያልፍም ሂዱ። የቀረውንም ወዳጅ ከመኮነናችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁት።

እኛ ከዚያ ወዲህ ቀጠሯችንን በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን። በ2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ተመልሶ ሲመጣ ግን በሁለቱም ቀን፥ በ28ም በ29ም፥ ልናከብር ተስማምተናል። ሰው ይበለን!