ግሪድ ገጽን ያሳምራል እንጂ አያስነብብም

ድረ ገጽ በሚያሠሩ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ጽሑፎች በግሪድ፣ ማለትም በሦስት ዓምድ በካርድ በካርድ ሲደረደሩ አንባቢው በአንድ እይታ ብዙ ርዕስ ያያል፣ ብዙ ካየም ብዙ ያነባል የሚል ነው። እንደ ኤለመንተር ያሉ የዎርድፕሬስ ገጽ መገንቢያዎች ይህን ድርድር በጥቂት ክሊክ ስለሚያስገኙ ነገሩ ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ደንብ መስሏል። በሰፊ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ እምነቱ እውነትነት አለው። አብዛኛው የኢትዮጵያ አንባቢ ግን ድረ ገጽ የሚከፍተው በስልክ ነው፣ ስክሪኑ ሲጠብ ደግሞ መገንቢያው ሦስቱን ዓምድ ወደ አንድ ያወርዳቸዋል። ስፋቱ 360 ፒክስል የሆነ ስልክ እንውሰድ። ፎቶ፣ ባለ ሦስት መስመር ርዕስ፣ ቅንጭብ፣ ቀንና «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚል ቁልፍ የያዘ ካርድ ቁመቱ በቀላሉ 450 ፒክስል ይደርሳል። 12 ካርዶች 5,400 ፒክስል ሆኑ ማለት ነው፤ በአንድ ጊዜ 640 ፒክስል ያህል በሚያሳይ ስልክ ከስምንት ስክሪን በላይ ማንሸራተት ይጠይቃሉ። እነዚያው ርዕሶች ያለ ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ 90 ፒክስል ተሰጥቶ በዝርዝር ቢቀመጡ ሁለት ስክሪን አይሞሉም። ብዙ ለማሳየት የተመረጠው አቀራረብ በስልክ ላይ ጥቂት የሚያሳየው ሆነ።

ካርዱ ትንሽ ስለሆነ ፎቶውም ቀላል ነው የሚለው ሌላው ስህተት ነው። ግሪድ የሚያሳንሰው የሚታየውን መጠን እንጂ የሚወርደውን ፋይል አይደለም። ዎርድፕሬስ ፎቶ ሲጫን ትናንሽ ቅጂዎችን ያዘጋጃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህም ብሮውዘሩ ለስክሪኑ የሚስማማውን ቅጂ እንዲመርጥ ያደርጋል። ፎቶው የካርዱ ባክግራውንድ ሆኖ ከገባ ግን ምርጫው ይቀርና የተቀመጠው ፋይል እንዳለ ይወርዳል። አንድ አንድ ሜጋባይት የሚመዝኑ 12 ፎቶዎች፣ ገና አንድ መስመር ሳይነበብ፣ ከአንባቢው የዳታ ጥቅል 12 ሜጋባይት ይበላሉ።

ለእኛ የባሰው ጉዳት በርዕሱ ላይ የሚደርሰው ነው። ብዙዎቹ የካርድ ቅጦች በእንግሊዝኛ አጫጭር ርዕሶች ልክ የተሰፉ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ረዘም ያለውን በሁለተኛው መስመር ላይ ቆርጠው ሦስት ነጥብ ያደርጉበታል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። «ፓርላማው አዲሱን የግብር አዋጅ…» ብሎ የተቆረጠ ርዕስ እናስብ፤ አጸደቀው? ለቋሚ ኮሚቴ መራው? ውድቅ አደረገው? የተቆረጠው ዜናው ራሱ ነው። ቅንጭቡም ከዚህ አያመልጥም። ዎርድፕሬስ ቅንጭብን በራሱ ሲያወጣ 55 ቃል ላይ ያቆማል፣ ቃል የሚቆጥረውም በባዶ ቦታ ነው። ቃላቱን ያለ ክፍተት በሁለት ነጥብ ብቻ የለየ ጸሐፊ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ እንደ አንድ ቃል ይቆጠርበትና ካርዱ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ረዝሞ ድርድሩን ያበላሻል።

ፎቶ የሌለበት ዝርዝር ደረቅ ነው፣ ዓይን አይስብም የሚል መከራከሪያ ይነሣል፤ ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ። የምግብ አሠራር፣ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ወይም የቤት ዕቃ የሚያቀርብ ገጽ ላይ አንባቢው የሚመርጠው በዓይኑ ነው፤ እዚያ ግሪድ ተገቢ ነው። የሕግ ማብራሪያ ወይም የኢኮኖሚ ትንታኔ ላይ የሚለጠፈው የእጅ መጨባበጥ ፎቶ ግን ስለ ጽሑፉ አንዳች አይናገርም፤ ያለ ሥራው ትልቁን ቦታ ይዞ መምረጫውን ርዕስ ያጣብባል። በእኔ እምነት ጥያቄው ግሪድ ያምራል ወይ አይደለም፤ አንባቢው ጽሑፉን የሚመርጠው በምንድን ነው የሚለው ነው። በርዕስ ከሆነ፣ በኮምፒውተር ላይ ግሪዱን ጠብቆ በመገንቢያው የሞባይል ቅንብር ከመጀመሪያው ጽሑፍ በቀር ፎቶዎቹን መደበቅ፣ የርዕስ መቁረጫውን ማጥፋትና ቅንጭቡን በእጅ መጻፍ ይቻላል። ፎቶን መደበቅ ብቻውን ግን ማውረዱን ላያስቀር ስለሚችል ፋይሎቹን ከመጫን በፊት ማሳነስ ያስፈልጋል።