የቀለም ሽታና ነፍሰ ጡር እናት፦ በክትትል ክፍል ምን ይጠየቅ? ምን ይመከር?

የእርግዝና ክትትል በሚሰጥበት ክፍል እናቶች ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዳንዶቹ በክትትል ካርዱ ላይ ቦታ የላቸውም። ከእነዚህም አንዱ የቤት ቀለም፣ የቫርኒሽ፣ የቲነርና የማስቲሽ ሽታ ጉዳይ ነው። በዓል ሲቃረብ፣ ሠርግ ሲደገስ ወይም ለአራስ ቤት ሲሰናዳ ግድግዳ መቀባት የተለመደ በመሆኑ፣ እርግዝናና የቀለም ሽታ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በአዲስ አበባ በርካታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የማጠናቀቂያ ሥራቸው ሳያልቅ ለባለዕድለኞች የተላለፉ በመሆናቸው፣ ቀለሙን፣ የወለሉን ሥራና የቁም ሣጥኑን የሚያሠራው ቤተሰቡ ራሱ ነው። ለተጨማሪ ወር የቤት ኪራይ ላለመክፈል ሲባልም ቀቢው በአንዱ ክፍል እየሠራ ቤተሰቡ በሌላው ይተኛል።

የ14 ሳምንት ነፍሰ ጡር የሆነች አንዲት እናት እንዲህ ባለ ቤት አሥር ቀን ካሳለፈች በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ራሷን ያማታል፤ ያቅለሸልሻታል፤ እንቅልፍም አጥታለች። ጎረቤቷ የቀለም ሽታ ልጅን አካለ ጎደሎ እንደሚያደርግ ነግራታለች። በዚህ ጊዜ ከባለሙያው የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «አይዞሽ፣ ሽታ ነው፣ ያልፋል» የሚል ማጽናኛ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ባለሙያው ራሱ ደንግጦ እናቲቱን ይበልጥ የሚያስደነግጥበት ነው። ሁለቱም መልሶች አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ ሳይጠየቅ የተሰጡ ናቸው። የመጀመሪያው እውነተኛ አደጋ ሳይታይ እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል። የሁለተኛውም ጉዳት እንደ ቀላል መታየት የለበትም፤ የተመኘችውን እርግዝና ከፍርሃት የተነሣ ብቻ ለማቋረጥ የምታስብ እናት ልትኖር ትችላለችና።

ሽታው የሚናገረውና የማይናገረው

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የሽታ ብርታት የአደጋ መለኪያ አለመሆኑ ነው። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት የብዙ እናቶች የማሽተት ስሜት ስለሚነቃና ማቅለሽለሽም ስለሚጨመርበት፣ ሌላው የቤተሰብ አባል ልብ የማይለው ጥቂት ሽታ እናቲቱን እረፍት ሊነሣት ይችላል። በአንጻሩ በዚህ ጽሑፍ ከሚነሡት ጎጂ ነገሮች መካከል እጅግ ሊያሳስቡ የሚገባቸው ሁለቱ፣ የእርሳስ ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጭራሽ ሽታ የላቸውም።

በገበያ ላይ ፕላስቲክ ቀለም እየተባለ የሚጠራው በውኃ የሚበጠበጥ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚተነው አሟሚ በአብዛኛው አነስተኛ ነው። የዘይት ቀለም፣ ቫርኒሽና ማስቲሽ ግን እንደ ቶሉይንና ዛይሊን ያሉ በቀላሉ የሚተኑ ኦርጋኒክ አሟሚዎችን ይይዛሉ፤ ቲነርም የእነዚሁ ቅልቅል ነው። አሟሚዎቹ በሳንባ በኩል ፈጥነው ወደ ደም ይገባሉ፤ በስብ የሚሟሙ በመሆናቸውም እንግዴ ልጅን ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ሲወጡም ፈጣን ናቸው። ወደ ሰውነት የገባው ቶሉይን በጉበት ተለውጦ አብዛኛው በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ በሽንት ይወገዳል። ስለሆነም ከሳምንታት በፊት የተተነፈሰ የቲነር ሽታ በእናቲቱ ሰውነት ውስጥ ተከማችቶ እስከ መውለጃዋ ድረስ ጽንሱን ሲጎዳ አይቆይም። ብዙ እናቶች የሚፈሩት ይህንኑ በመሆኑ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ቶሉይን ጽንስን የመጉዳት ኃይል እንዳለው የማያጠራጥር መረጃ የተገኘው ለስካር ሲሉ ማስቲሽና ቀለም ከሚስቡ እናቶች ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የወጡ የሕክምና ዘገባዎች ከእነዚህ እናቶች በሚወለዱ ሕፃናት ላይ የጭንቅላት ማነስ፣ የዕድገት መቀጨጭና በአልኮል ምክንያት ከሚመጣው ጋር የሚመሳሰል የፊት ገጽታ መታየቱን ገልጸዋል። እነዚህ እናቶች የሚስቡት መጠን ግን በተቀባ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው ከሚተነፍሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ለክትትል ክፍሉ ይበልጥ የሚጠቅመው በቶሮንቶ፣ ካናዳ ተካሂዶ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በሥራቸው ምክንያት ለኦርጋኒክ አሟሚዎች የተጋለጡ 125 ነፍሰ ጡሮችን ካልተጋለጡ እናቶች ጋር አነጻጽረዋል። ከተጋለጡት ከተወለዱት መካከል 13ቱ ከባድ የተፈጥሮ ጉድለት ሲገኝባቸው፣ ካልተጋለጡት ወገን ግን 1 ብቻ ነበር። ዋናው ቁም ነገር ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ከ13ቱ 12ቱ የተወለዱት በሥራ ላይ ሳሉ የሕመም ምልክት ይሰማቸው ከነበሩት 75 እናቶች ሲሆን፣ ምልክት ካልነበራቸው 43 እናቶች ግን አንድም አልተገኘም። የጥናቱ ተሳታፊዎች ቁጥር ትንሽ ቢሆንም፣ ለባለሙያው የሚሰጠው መሣሪያ ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ «ሸተተሽ ወይ?» ከማለት «ራስሽን አዞረሽ ወይ? ዓይንሽን አቃጠለሽ ወይ? ከቤት ስትወጪ ተሻለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። በመኖሪያ ቤት ስለሚደረግ ቀለም ቅብ በዴንማርክ ከ20,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ለቀለም ጢስ መጋለጥ ከጥቂት የጉድለት ዓይነቶች ጋር ግንኙነት ሊኖረው እንደሚችል ጠቁሟል። የጉድለቶቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ግኝቱ ለጥንቃቄ እንጂ ለድንጋጤ የሚያበቃ አይደለም። ከቀለም ጋር ምንም ሳይገናኙ ከሚወለዱ 100 ሕፃናት መካከልም 2 ወይም 3 ያህሉ ከባድ የተፈጥሮ ጉድለት እንደሚኖርባቸው መዘንጋት አይገባም።

ሽታ የሌላቸው ሁለቱ

ሊድ በመባልም የሚታወቀው እርሳስ ለዘመናት በዘይት ቀለም ውስጥ ለማድመቂያና ለማድረቂያ ሲጨመር ኖሯል፤ በተለይም በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ቀለሞች ውስጥ በብዛት ይገኛል። በኢትዮጵያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይሁንና ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ በር፣ መስኮትና የብረት አጥር ዛሬም በየቤቱ አለ። አደጋው ያለው አዲሱ ቀለም ሲቀባ ሳይሆን አሮጌው በሻካራ ወረቀት ሲፋቅ ወይም በእሳት ሲለበለብ ነው። ብናኙ ወለልና ምንጣፍ ላይ ያርፋል፤ ከእጅ ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ሆድ ይገባል። የፈቀፈቀው ቀቢ ሄዶ ብናኙን የምትጠርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነፍሰ ጡሯ ናት።

እርሳስ እንደ ቲነር በቀናት ውስጥ ከሰውነት አይወጣም። በአጥንት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይከማቻል፤ በእርግዝና ጊዜ ጽንሱ ካልሲየም ሲፈልግና የእናቲቱ አጥንት ሲላላ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፤ እንግዴ ልጅንም ያለ ችግር ያልፋል። ውርጃን፣ የደም ግፊትን፣ የክብደት ማነስንና የልጁን የአእምሮ ዕድገት መጓደል ያስከትላል። ምንም ጉዳት አያደርስም የተባለለት መጠንም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ፣ በምግቧ በቂ ካልሲየም የማታገኝም ከሆነ ተጨማሪ ካልሲየም እንዲሰጣት ይመከራል። ምርመራው በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚገኝ ባለመሆኑ በሕመም ታሪክ ላይ መመሥረት ግድ ይላል። የብረት ማዕድን እጥረት እርሳስ በአንጀት በኩል የሚገባበትን መጠን ስለሚጨምር፣ በክትትል ጊዜ የሚሰጠው የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል በዚህም በኩል ይጠቅማል።

ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከቀለም ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ የከሰል ምድጃው ነው። የቀለሙን ሽታ ለማጥፋት በሚል መስኮት ተዘግቶ እጣን ይጨሳል፤ በክረምት ደግሞ እርጥብ ክፍል እንዲሞቅ ከሰል ይገባል። የሚተን ቲነር ባለበት ክፍል እሳት ማግባት ለቃጠሎም የሚያጋልጥ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ለጽንሱ ከቀለሙ ሽታ የከፋ ነው። ጋዙ ከጽንሱ ሄሞግሎቢን ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ከጽንሱ ደም የሚለቀው ከእናቲቱ እጅግ ዘግይቶ ነው። በመሆኑም እናቲቱ ተሻላት ተብሎ ኦክስጂኑ ቶሎ መቋረጥ የለበትም። የጣት ኦክስጂን መለኪያም በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጂን እንደያዘ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ 98 በመቶ ማንበቡ ባለሙያውን ሊያዘናጋው አይገባም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ራሳቸውን ካመማቸው ቀለሙ ሳይሆን ከሰሉ መጠርጠር አለበት።

ከእናቲቱ ጋር የሚደረግ ውይይት

ወደ 14 ሳምንቷ እናት እንመለስ። መጠየቅ ያለባት የተቀባው ፕላስቲክ ቀለም ነው ወይስ የዘይት፤ ራሷ ቀብታለች ወይስ በሌላ ክፍል ነበረች፤ አሮጌ ቀለም ተፍቋል ወይ፤ ማን ጠረገው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር ወይ፤ ከሰል ይገባል ወይ የሚለውን ነው። የሕመሙም ጠባይ ፍንጭ ይሰጣል። በአሟሚ ምክንያት የመጣ ራስ ምታትና ማዞር ወደ ንጹሕ አየር ስትወጣ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል፤ የእርግዝና ማቅለሽለሽ ግን ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አብሯት ይሄዳል። የእርግዝናው ዕድሜም ይሰላል። የዚህች እናት መጋለጥ የጀመረው ከ12ኛው ሳምንት በኋላ በመሆኑ፣ የጽንሱ ዋና ዋና የሰውነት ክፍሎች በአብዛኛው ቅርጻቸውን ይዘው ነበር። የነርቭ ቧንቧውማ የተዘጋው ከጽንሰት በኋላ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ነው። መልሶቿ ፕላስቲክ ቀለም፣ ክፍት መስኮት፣ ያልተፋቀ ግድግዳ ከሆኑ፣ በጽንሱ ላይ የሚጠበቀው አደጋ ከሌላዋ እናት የሚለይ አለመሆኑን በድፍረት መንገር ይቻላል። አሮጌ በር ተፍቆ እርሷ ከጠረገች ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ብናኙ በደረቁ ሳይጠረግ በእርጥብ ጨርቅ በሌላ ሰው እንዲጸዳ፣ የደም ምርመራ ወደሚገኝበት ሆስፒታልም እንድትላክ ያስፈልጋል።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ሲኖርበት እርግዝናን ማቋረጥን ይፈቅዳል። በተቀባ ቤት ማደር ግን የጽንስ ጉድለት ማስረጃ አይደለም፤ ለማቋረጥም ምክንያት ተደርጎ በባለሙያ ሊቀርብ አይገባም።

ምክሩ ኑሮዋን ያገናዘበ መሆን አለበት። «ቤቱን ለቀሽ ውጪ» ማለት ለኪራይ ገንዘብ ለሌላት እናት ምክር አይደለም። ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ዘመድ ቤት ማደር፣ ያም ካልሆነ ከተቀባው ክፍል ራቅ ብሎ መስኮት ከፍቶ መተኛት፣ የዘይት ቀለሙን ሥራ ከወሊድ በኋላ ማድረግ የሚቻሉ ናቸው። የጨርቅና የሕክምና የአፍ መሸፈኛ የቲነርን ትነት አያግድም። ወተትም ቢሆን፣ ቀቢዎች እንደሚያምኑት፣ የተተነፈሰን ሽታ አያጥብም፤ ሆኖም በካልሲየሙ እርሳስ ወደ ሰውነት የሚገባበትን መጠን ስለሚቀንስ፣ የምትጠጣውን እናት መከልከል ሳይሆን አፍልታ እንድትጠጣ መንገር ይበጃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ተጋላጭነት ግን ያለው ከቤት ውጭ ነው። በቀለም ቅብ፣ በእንጨት ሥራና በጫማ መለጠፍ በየዕለቱ 8 ሰዓት የምትውል ነፍሰ ጡር ስለ ሽታው ላታማርር ትችላለች፤ ለምዳዋለችና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 87 ሥራዋ ለጤንነቷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑ በሐኪም የተረጋገጠላት ነፍሰ ጡር ወደ ሌላ የሥራ ቦታ እንድትዛወር ይደነግጋል። ይህ መብት ሥራ ላይ የሚውለው ወረቀቱ ሲጻፍላት ነው። በመሆኑም ስለ ሥራ የሚጠየቀው ጥያቄ በካርዱ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ተብሎ ብቻ መቆም የለበትም። ጎዳና ላይ የሚኖሩና ማስቲሽ ወይም ቤንዚን የሚስቡ ወጣት ነፍሰ ጡሮች ደግሞ የተለየ ትኩረት ይሻሉ። ከእነርሱ አንዷ በጡንቻ መዛል ከመጣች ቶሉይን በኩላሊት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት የደም ፖታሲየሟ ወርዶ፣ የደም አሲድነቷም ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም መለካት አለባቸው።

ምልክት ለነበራት ወይም በሥራ ለተጋለጠች እናት፣ ከተቻለ ከ18 እስከ 22 ባለው ሳምንት የጽንሱ አካል በአልትራሳውንድ ይታይላታል፤ የማሕፀኗ ቁመት በየቀጠሮው ይለካል። ምን ዓይነት ቀለም፣ በስንተኛው ሳምንት፣ ለስንት ቀን የሚለው በካርዷ ላይ ይጻፋል፤ ሕፃኑ ሲወለድም የጭንቅላቱ ዙሪያ ተለክቶ ከዚያው ጎን ይመዘገባል።