መጣበቅ ብቻውን መድኃኒት አያደርግም

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች እናቶች ከወለዱ በኋላ ብዙ ደም እንዳይፈሳቸው የሚሰጣቸው ኦክሲቶሲን ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ ነው፤ ስድስቱ ቀለበት ሠርተዋል። የሚሰጠው በመርፌ ነው፤ የሚቀመጠውም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ። የተተከለ ኩላሊትን ሰውነት እንዳይገፋው የሚያደርገው ሳይክሎስፖሪንም አሥራ አንድ አሚኖ አሲዶች ያሉት ቀለበት ነው፤ እሱ ግን በአፍ ይዋጣል። ኦክሲቶሲን ቢዋጥ ሆድ ውስጥ ይፈርሳል፤ ሳይክሎስፖሪን አንጀትን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል።

ተመራማሪዎች ወደ ቀለበት ፔፕታይዶች የሚሳቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለበቱ ሙሉ ሲሆን ጫፍ ስለሌለው ከጫፍ ጀምረው የሚቆርጡ ኢንዛይሞች መያዣ ያጣሉ። ቅርጻቸው እንደ ልብ ስለማይለዋወጥም ትንንሽ የክኒን ሞለኪዩሎች የሚሸጎጡበት ጉድጓድ በሌለው ሰፊ የፕሮቲን ገጽ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ።

ችግሩ ብዛታቸው ነው። አሥር ቦታዎችን በሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች መሙላት ከ10 ትሪሊዮን በላይ ቅደም ተከተሎች ይሰጣል። በስፋት የሚሠራበት የፍለጋ ዘዴ እያንዳንዱን ቀለበት ከተሠራበት የአር ኤን ኤ መልእክት ጋር ያስራል። ዒላማ የሆነው የበሽታ ፕሮቲን በጥቃቅን ማግኔታማ ቅንጣቶች ላይ ተለጥፎ ከቀለበቶቹ ጋር ይቀላቀላል። ማግኔት ወደ ቱቦው ሲቀርብ ቅንጣቶቹ ግድግዳው ላይ ይሰበሰባሉ፤ ያልተጣበቀው ቀለበት ከፈሳሹ ጋር ይደፋል። የቀሩት መልእክቶች ይባዙና ሥራው ይደገማል። በመጨረሻ የአሸናፊዎቹ ፊደላት ይነበባሉ።

ድንቅ ዘዴ ነው፤ ዒላማው ምን እንደሚመስል እንኳ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም። የሚጠይቀው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይጣበቃል ወይ? የሴል ሽፋንን ያልፍ እንደሆነ አይጠይቅም። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ቀለበቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሽፋኑ ቅባት ነው። በቀለበቱ አጥንት ላይ ያሉት የናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ጥንዶች ደግሞ ውኃ ይወዳሉ። ወደ ቅባቱ ለመግባት ውኃውን መተው አለባቸው፤ ያ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ሳይክሎስፖሪን ይህን በሁለት መንገድ ያቃልለዋል፦ ሰባቱ ናይትሮጅኖቹ ሃይድሮጅን ሳይሆን ውኃ የማይወድ ሚታይል የተባለ ቡድን ተሸክመዋል፤ የቀሩት አራት ጥንዶች ወደ ውስጥ ዞረው ከራሱ ከቀለበቱ ኦክስጅኖች ጋር ይያያዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ የሆነው ዴቪድ ቤከር የሚመራው፣ በሲያትል የሚገኘው የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ የፕሮቲን ንድፍ ኢንስቲትዩት ይህንን ጥንዶቹን የመሸሸግ መርህ ከፍለጋው በፊት አስቀደመው። በ2022 በታተመው ጥናት ከ6 እስከ 12 አሚኖ አሲዶች ያሏቸው 184 ቀለበቶች በኮምፒውተር ተነድፈው ተሠሩ። የ35ቱ ቅርጽ በቤተ ሙከራ ሲታይ 29ኙ ከንድፉ ጋር በጣም ተቀራረቡ፤ 84 ንድፎችም ሽፋን አለፉ። በ2025 የወጣው ሥራ ደግሞ ወደ መጣበቁ ተመለሰ። ለአራት ፕሮቲኖች፣ ለእያንዳንዱ ከ20 ያልበለጡ ቀለበቶች ተሞክረው ለሁሉም የሚጣበቅ ተገኘ። ትሪሊዮኖችን ከማጣራት ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እመርታ ነው።

አስቸጋሪው ሁለቱን ችሎታዎች በአንድ ቀለበት ማገናኘት ነው፤ ዒላማውን አጥብቀው የሚይዙት ክፍሎች ብዙ ጊዜ ሽፋን ላይ እንቅፋት የሚሆኑት ራሳቸው ናቸውና። የሲያትሉ ቡድን ለዚህም አንድ መንገድ አሳይቷል፦ ውኃ ውስጥ ጥንዶቹን ገልጦ የሚቆይ፣ ቅባት ሲነካ ግን ወደ ውስጥ አጥፎ የሚሸሽግ፣ ሁለት ቅርጽ ያለው ቀለበት።