ሦስት ጎል በሁለት ጨዋታ፦ የጎንደሩ መንግሥቱ ወርቁ

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳተፈችባቸው ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች በ1974፣ በ2005 እና በ2014 ዓ.ም የተደረጉት ናቸው። በሦስቱ 9 ጨዋታ ተጫውተን ስንት ጎል አገባን? ሦስት። አዳነ ግርማ አንድ፣ ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ጌታነህ ከበደ አንድ፤ በቃ። አንድ የጎንደር ልጅ ግን በ1954 ዓ.ም በሁለት ጨዋታ ብቻውን ሦስት አግብቷል።

መንግሥቱ ወርቁ ይባላል። እኛ ወረታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ስለ ሜሲ ጎል ብትጠይቁ መልሱ ከነዓመቱ ይመጣል። "መንግሥቱ ወርቁስ?" ስትሉ ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። የሚገርመው፣ የተወለደበት ጎንደር ከእኛ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ለፎገራ ልጅ ጎረቤቱ ነው ማለት ይቻላል።

የ1954ቱ ውድድር አዲስ አበባ ላይ ነበር። ቡድኖቹ አራት ብቻ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ የጠበቀቻት ግብፅ ነበረች፤ ከዚያ በፊት የተካሄዱትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች ግብፅ! ግብፆች ሁለቴ መሩ፣ የእኛዎቹ ሁለቴ አቻ አደረጉ። በጭማሪ ሰዓት ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ነው። የውድድሩን ኮከብ ግብ አግቢነትም ከግብፁ በዳዊ ጋር ተጋራ። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ጎል አለው፤ ድሮግባ እንኳ የሚበልጠው በአንድ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው የክለብ ዘመኑን በሙሉ ያሳለፈው በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እዚሁ አገር፣ እዚሁ ሊግ ውስጥ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ከሜዳ አልራቀም፣ አሰልጣኝ ሆነ። በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ላይ ብሔራዊ ቡድኑን የመራው እሱ ነው። አዎ፣ ያ ቡድን አንድም ጎል አላገባም። ሆኖም ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጥቷል፤ ያቺው አልጄሪያ ከወራት በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን አሸንፋለች። ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን። መንግሥቱ ያንን ሳያይ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም አረፈ።

ታዲያ ሌላ መንግሥቱ ለምን ጠፋ? ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ አንድ ነገር አለ፦ ዋጋ ሲንር መጀመሪያ አቅርቦቱን እይ። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ ጣሪያ ተጣለ። ጣሪያ ለምን አስፈለገ? ብዙዎቹ ክለቦች በመንግሥት በጀት የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ ሁሉም የሚሻማው ደግሞ በእነዚያው ጥቂት የደረሱ ተጫዋቾች ነው። ልጅ የሚያሳድግ ጥቂት፣ ያደገውን የሚገዛ ብዙ። ጣሪያው ደመወዙን ይይዝ ይሆናል፤ ተጫዋች ግን አያበቅልም።

የእኛ ሜዳ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ነው፤ ድሮ ግን የከብት አገር ነበር። ሩዙ እዚህ የደረሰው በደርግ ዘመን ዘር መጥቶ፣ ተሞክሮ፣ ገበሬው ዓመት ጠብቆ ነው። የብሔራዊ ሩዝ ምርምር ማዕከል ሳይቀር ወረታ ተተክሏል። ለሩዝ ዘር ምርምር ካለን፣ ለኳስስ?

ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ሲደርቅ ልጆቹ ድንጋይ ጎል አድርገው እስኪጨልም ይጫወታሉ። አንዳንዱ በባዶ እግሩ ሦስት ሰው ያልፋል። የሚያየው ግን የለም። በ2013 ዓ.ም የሊጉን ዋንጫ ያነሣው ፋሲል ከነማም፣ ባሕር ዳር ከተማም በየሜዳቸው እርስ በርስ ሲጫወቱ አውቶቡሳቸው ወረታን አቋርጦ ነበር የሚያልፈው። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ወርደው የትምህርት ቤቶችን ውድድር የሚያይ አንድ አሰልጣኝ ቢያቆሙ ወጪው ስንት ነው? ከአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ አይበልጥም።

እናንተ ደግሞ የመንግሥቱን ስም ለታናናሾቻችሁ ንገሯቸው። አንድ ልጅ ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ፣ በአገሩ ሊግ ተጫውቶ፣ የአፍሪካን ዋንጫ እንዳነሣ ይወቁ።